በጀሪካን የተመለሰው ኮሚቴ

በሸዋ ሮቢት ያላለፈ ሰው ጥቂት ነው። ወደ ደሴ የሚሄድ ሁሉ ያልፍባታል። አውቶቡሱ ለምሳ ይቆማል፣ ሰዉ ላቡን ይጠርጋል፣ ማንጎ ገዝቶ ይሳፈራል፣ በቃ። እኔም ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ እንዲሁ ነበር ያለፍኩት። በአራተኛው ሦስት ሌሊት አደርኩባት፤ በራሴ ፈቃድ ሳይሆን በአበል። አንባቢዬም ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ እንደሌለው ስለምገምት የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል እነግረዋለሁ።

መጀመሪያ ሥራዬን ልናገር። በአንድ ምክር ቤት የቃለ ጉባኤ አዘጋጅ ነኝ። ክቡራን አባላት ይናገራሉ፣ እኔ እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ። ማንም የማይሰማኝ፣ ሁሉን የምሰማ ሰው ነኝ ማለት ነው። ከዓመታት መስማት በኋላ አንድ ነገር ታዘብኩ። ሽብር በስሙ ተጠርቶ በራሱ አዋጅ ሲመጣ ምክር ቤቱ ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው። ቃሉ ምን ማለት ነው? ሰልፍ የወጣን ሰው ይጨምራል? ጋዜጣ የጻፈውንስ? «እና» ይሁን «ወይም» እየተባለ ግማሽ ቀን ሲያልቅ አይቻለሁ። ይኸው ጉዳይ በባንክ ሕግ ውስጥ ተሸጉጦ ሲመጣ ግን ማንም አይናገርም፤ ቁጥር ይበዛበታል። በሞተር ሳይክል ደንብ ሲመጣ ሁሉም ባለሙያ ይሆናል፣ በተለይ ሞተር ሳይክል ነድቶ የማያውቀው። በነዳጅ አዋጅ ሲመጣ ደግሞ ከምሳ በፊት ያልቃል።

የሄድነው ለዚህ ለነዳጁ ነው። በጀሪካን ነዳጅ መሸጥና መያዝ የሚከለክል መመሪያ ከጸጥታ ጋር ተያይዞ ሥራ ላይ ከዋለ ቆይቷል፤ ረቂቁ መመሪያውን ወደ አዋጅ ሊያሳድገው ነው። አንቀጽ አሥራ ሰባት ከሦስት መሥሪያ ቤቶች የተፈረመ ደብዳቤ ሳይኖረው ነዳጅ በጀሪካን «የሸጠ ወይም የያዘ» ይታሰራል ይላል። በመጀመሪያው ውይይት ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ ተነሥተው «የተቀበለም ይጨመርልኝ፤ ተቀባይ ከሌለ ሰጪ የለም» አሉ። ተጨመረላቸው። ሦስት ደቂቃ ፈጀ። አንድ አባል «ላምባስ?» ብለው ጠየቁ፤ እኔም በቅንፍ «ሳቅ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ የሕዝብ አስተያየት ይሰብሰብ ተባለና ለሸዋ ሮቢት ተመደብን።

ማክሰኞ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንድንነሣ ተቀጥረን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። አራት ነን። መኪናውን የሚነዳው ጋሽ ታፈሰ ነው፤ ሃያ ዓመት ክቡራንን ስላመላለሰ በማንም የማይደነቅ ሰው። ከፊት ሰብሳቢው ክቡር አቶ ደምሰው ተቀምጠዋል። «ያለ ልዩነት» የሚለውን ቃል እንደ ጨው በሁሉም ላይ የሚነሰንሱ፣ ሙሉ ልብስ ከነክራቫታቸው የለበሱ ሰው ናቸው። ከኋላ ከእኔ ጋር ክብርት ወይዘሮ ሰላማዊት አለች፤ ከአባላቱ ሁሉ ታናሿ፣ የሕግ ባለሙያ፣ ማስታወሻዋን በእርሳስ የምትይዝ። ስትናደድ አትናገርም፤ እርሳሷን ትቀርጻለች። ደብረ ብርሃን ሳንደርስ ሁለት ጊዜ ቀርጻለች።

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ እንደ አዲስ አበባ ሐምሌ ነው። ሰብሳቢው በሙሉ ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደረቡ። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ በጉም ገብተን በጉም ወጣን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ነው፣ ልብስም ቁልቁል ነው። ደብረ ሲና ላይ ካፖርቱ ወለቀ፣ ጥቂት ወረድ ስንል ኮቱ፣ ከዚያ ክራቫቱ፣ ከዚያ የሸሚዙ ሦስት ቁልፎች። ሸዋ ሮቢት መግቢያ ስንደርስ በሰብሳቢው ላይ የቀረው ክብራቸው ብቻ ነበር።

እሱም ኬላው ላይ ተፈተሸ። ፈታሹ ወጣት በትሕትና «ውረዱ» አለ። ሰብሳቢው መታወቂያቸውን በመስኮት ዘረጉ። ልጁ አየው፣ መለሰላቸው፣ አሁንም በትሕትና «ውረዱ» አለ።

«የምክር ቤት አባል ነኝ እኮ!»

«አውቄያለሁ ጌታዬ። ሁሉም ነው የሚወርደው፣ ያለ ልዩነት ተብለናል።»

ማን እንዳለው እኔ አውቃለሁ፤ በእጄ ነው የጻፍኩት። ሰላማዊት ወደ ተራራው ዞረችና ሳል ሳለች፤ የትከሻዋ መንቀጥቀጥ ግን የሳል አልነበረም። ከሰብሳቢው ቦርሳ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ የትንኝ መድኃኒት ወጣ። ልጁ አገላብጦ አነበበው። «ተቀጣጣይ ይላል» አለና ለቆላ ትንኝ ተብሎ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣውን መድኃኒት ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠው። ስትመለሱ ትወስዳላችሁ ተባልን።

ሙቀቱን እንዴት ልንገራችሁ? እኔ አዲስ አበባ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ የምተኛ ሰው ነኝ። እዚህ ቀዝቃዛ ውሃ ብዬ የከፈትኩት ቧንቧ ሻይ የሚያፈላ ውሃ ሰጠኝ። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ አስካለ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ስለ እንግዳቸው ጤና ከእንግዳው በላይ የሚጨነቁ ሴት ናቸው። የሰብሳቢውን የመድኃኒት ታሪክ ሲሰሙ ደረታቸውን ይዘው ሳቁና የራሳቸውን አልጋ አጎበር ፈተው ሰጧቸው። ለእኔ ደግሞ ከክፍላቸው ቬንቲሌተር አመጡልኝ።

«እርስዎስ እትዬ?» አልኳቸው።

«እኔማ ለምጄዋለሁ፤ አንቺ ከደጋ የመጣሽ ትቀልጪብኛለሽ» አሉኝ። መብራት ስለጠፋ ቬንቲሌተሩ አልዞረም። ቢሆንም ፊቴ ቆሞ ማየቱ ደስ ይል ነበር።

ረቡዕ

ስብሰባው በከተማው አዳራሽ ነው። ከፊት ሁለት ረድፍ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ከኋላ ነጋዴ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ ገበሬ። በሩ ላይ ጫጫታ ሰማሁና ወጣሁ። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ፣ ሽርጥ የታጠቁ፣ ቀጭንና ረጅም ሰውዬ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ከጥበቃው ጋር ይከራከራሉ።

«ባዶ እኮ ነው ልጄ። አሽትተው።»

«ባዶም ቢሆን ጀሪካን አይገባም አባ።»

«ስብሰባው ስለ ጀሪካን አይደል?»

«ስለ ጀሪካን ነው። ጀሪካን ግን አይገባም።»

ጀሪካኑ ከገበሬዎቹ ዱላ ጋር ደጅ ቀረ። ሰውዬው ገብተው መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡና ሁለት ሰዓት ሙሉ እጃቸውን ሳያወርዱ ጠበቁ። ከፊት ረድፍ ያሉት ኃላፊዎች ተራ በተራ ተነሥተው ረቂቁ ወቅታዊ መሆኑን ተናገሩ። አንዱ ወቅታዊነቱን አሥራ አምስት ደቂቃ አብራሩልን። በመጨረሻ ዕድሉ ለሰውዬው ደረሰ።

«ቢስሚላህ» አሉ። «ይማም እባላለሁ። የዚሁ የቀወት ወረዳ ገበሬ ነኝ፤ የቦያችንም የውሃ አባት እኔ ነኝ። የውሃ አባት ማለት ለክቡራን፣ የመስኖ ተራ የሚያከፋፍል፣ በውሃ የተጣላ የሚያስታርቅ ማለት ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ነን። በሽብር በኩል ጥያቄ የለኝም። እናንተ ወሬውን ትሰማላችሁ፤ እኛ ድምፁን ነው የምንሰማ። የሚፈራው የኛ ልጅ ነው፣ አላህ ይያዝልን። እኔ የመጣሁት ለሽንኩርቴ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«ወንዙ ወርዷል፤ ውሃው በቦይ አይወጣም፣ በሞተር ነው የሚወጣ። ሞተሩ ናፍጣ ይጠጣል፣ ማደያው ደግሞ በጀሪካን አይሰጥም። ሞተሩን ተሸክሜ አልሄድ! ሽንኩርቱ አሁን እየቋጠረ ነው፤ እስከ እሑድ ሁለት ጊዜ ካልጠጣ አበቃለት። ደብዳቤ አምጣ ተባልሁ። ቀበሌ ፈረመልኝ፣ ግብርና ፈረመልኝ። ሦስተኛው ጸጥታ ነው፤ እሱ ‹ኮሚቴ እየመጣ ነው፣ አዋጁ እስኪወጣ ጠብቅ› አለኝ። ጠበቅሁ። ይኸው መጣችሁ። ሽንኩርቱን ምን ልበለው?»

ሰብሳቢው ማይክራፎኑን አስጠጉ። «አባታችን፣ ጸጥታ ከሌለ ሽንኩርትም የለም» አሉ። ሁለቱ የፊት ረድፎች አጨበጨቡ። እኔም በቅንፍ «ጭብጨባ» ብዬ ጻፍኩ።

«እውነት ነው ክቡርነትዎ» አሉ ጋሽ ይማም። «አንቱ ግን ሽንኩርት መሬት ላይ አይተው ያውቃሉ?»

ሰብሳቢው ወደ ሰላማዊት ዞሩ። ሰላማዊት እርሳሷን ትቀርጻለች።

«አይቆጡኝ» አሉ ሽማግሌው። «እኛ ዘንድ ሁለት ሰው በውሃ ሲጣላ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን አንፈርድም። ቦዩ የተሰበረበት ድረስ እንሄዳለን። ዳኛውም ጫማውን አውልቆ እዚያው ይቆማል፣ ከሳሹም ተከሳሹም እዚያው ቆመው ይናገራሉ። ከቤቱ ሆኖ የተናገረውን አንሰማም። ነገ ጎራ በሉና እዩት፤ ምሳ አለ።»

ሰብሳቢው ፕሮግራማችን አይፈቅድም ሊሉ ሲሞክሩ ሰላማዊት ማይክራፎኗን ከፈተች። «እንመጣለን ጋሼ» አለች። ሕዝብ ፊት ስለሆነ እምቢ ማለት አልተቻለም።

ሐሙስ

ጠዋት ጋሽ ታፈሰ ናፍጣ ልቅዳ አለ። ማደያው ላይ የተሰለፈው የጭነት መኪና ከቀጣዩ ከተማ ከጀውሃ ጀምሮ የመጣ ይመስል ነበር። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አይተው «ስንመለስ» አሉ።

«መርፌው ውሸታም ነው ክቡርነትዎ፤ ሩብ ሲል ባዶ ሊሆን ይችላል።»

«ስንመለስ አልኩህ።»

ጋሽ ታፈሰ «እሺ» አለ። ሃያ ዓመት ያገለገለ ሰው «እሺ» ሲል «ያዩታል» ማለቱ ነው፤ ያን ዓይነት «እሺ» ነበር።

ከአስፋልቱ ወጥተን በአቧራ መንገድ፣ በማሽላ እርሻ መሀል፣ አህያ ለሚነዱ ሴቶች እየቆምን ሄድን። የአንድ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ተሻግረን ጋሽ ይማም ቤት ደረስን። መጀመሪያ ወደ ቦዩ ወሰዱን። ውሃው እታች፣ ከቦዩ አፍ ሁለት የሰው ቁመት ዝቅ ብሎ ይታያል። ሞተሩ ዳር ላይ በጆንያ ተሸፍኖ ቁጭ ብሏል። ሃያ አንድ መደብ ሽንኩርት አለ። ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል፤ አፈሩም እንደ ተሰበረ ሸክላ ተሰነጣጥቋል። አዲስ አበባ ሽንኩርትን የማውቀው በኪሎ ነው፤ እንዲህ ሲጠማ አይቼው አላውቅም ነበር። አሳዘነኝ።

«ጫማዎን» አሉ ጋሽ ይማም፣ በትሕትና።

ሰላማዊት ጫማዋን አውልቃ ደረቁ ቦይ ውስጥ ገባች። እኔም መቅረጫዬን እንደከፈትኩ ተከተልኳት። መሬቱ እግር ያቃጥላል። ሰብሳቢው ከነጫማቸው ዳር ላይ ቆመው «ከዚህም በደንብ ይታያል» አሉ።

ምሳው ላይ የጋሽ ይማም ባለቤት እትዬ ዘሀራ ያደረጉትን አልረሳም። ዶሮ ነበራቸው፣ ፍየልም ነበራቸው። እኛ ክርስቲያኖች የእነሱን እርድ እንደማንበላ ስለሚያውቁ ግን ሥጋ የሚባል ነገር ወደ ቤቱ አልቀረበም፤ የማሽላ እንጀራ ማሾ በሚሉት የቆላ ጥራጥሬ ወጥ፣ እንቁላል፣ ቀጥሎ ደግሞ ፓፓያ። «እንግዳ ተሳቆ ሲበላ አልወድም» አሉ። ሰብሳቢው ሦስት ጊዜ አስጨመሩ። እዚህ ላይ ልዩነት አላደረጉም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመራርቀን ተነሣን። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ መንገዱ ላይ መንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ እሱም ራሱ የጸጥታ መመሪያ ነው። ደረቁ ወንዝ መሀል ስንደርስ መኪናው ሁለት ጊዜ ሳለና ዝም አለ። ጋሽ ታፈሰ መርፌውን በጣቱ መታው። «ሩብ ይላል» አለ ለማንም ሳይሆን።

ሰብሳቢው ስልካቸውን አውጥተው ወደ ማደያው ደወሉ። ድምፁን ከፍ አድርገውት ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«የኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ሃያ ሊትር በባጃጅ ላኩልኝ።»

«በምን አድርገን ጌታዬ?»

«በጀሪካን ነዋ!»

«በጀሪካን አንሰጥም፤ መኪናውን ይዘው ይምጡ።»

«መኪናው እኮ ነው የቆመው!»

«እንግዲያው ደብዳቤ ይዘው ይምጡ። ከሦስት መሥሪያ ቤት ነው።»

ሰብሳቢው ስልኩን ዘጉና ፀሐዩን አዩ። ፀሐዩም አያቸው። ጋሽ ታፈሰ በሩን ከፍቶ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ፣ ከኪሱ ቆሎ አወጣ። በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ጋሽ ይማምና ባለቤታቸው ቆመን ስላዩን መጡ። ጋሽ ታፈሰ ነገሩን ነገራቸው። ባልና ሚስት ተያዩ። ረጅም መተያየት ነበር፤ አርባ ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች ያለ ቃል የሚከራከሩት ክርክር። በመጨረሻ እትዬ ዘሀራ ተመለሱ። ጎተራቸው ኋላ ከተከመረው የማሽላ አገዳ ሥር ቢጫ ጀሪካን አውጥተው በጀርባቸው አዝለው መጡ። ልጅ ያዘሉ እንዲመስል ነጠላ አልብሰውታል።

«አሥር ሊትር ናት» አሉ ጋሽ ይማም። «ከመመሪያው በፊት የገዛኋት ናት። ነገ ጠዋት ሽንኩርቱን አንዴ ላጠጣባት ነበር። እንግዳዬ ግን አሸዋ ላይ አይውልም።»

ጋሽ ታፈሰ «ሰባቱ ይበቃናል፣ ሦስቱን ለራስዎ ያስቀሩ» አለ። ናፍጣው ሳይፈስ የሚገባበት ጠንካራ ወረቀት ጠየቀ። እጃችን ላይ የነበረው ጠንካራ ወረቀት የረቂቅ አዋጁ ሽፋን ነው። ሰላማዊት ገነጠለችው፣ ጋሽ ታፈሰ እንደ ቀንድ ጠቀለለው፣ ያዙልኝ ብሎ የሰጠው ግን አጠገቡ ለነበሩት ለሰብሳቢው ነው። ክቡር አቶ ደምሰው አዋጃቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እትዬ ዘሀራ ናፍጣ ሲያንቆረቁሩበት ቆሙ። ናፍጣው ክንዳቸው ላይ ወረደ። ሞተሩ አየር ስለገባበት ጋሽ ታፈሰ ኮፈኑን ከፍቶ አየሩ እስኪወጣ ለረጅም ጊዜ ፓምፕ አደረገ። ከዚያ መኪናው ተነሣ።

«የያዘ» አለች ሰላማዊት ቀስ ብላ፣ ወደ ጋሽ ይማም እያየች። «የተቀበለ» አለች ቀጥላ፣ ወደ ሰብሳቢው እያየች።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ የመስክ ጉብኝት ነው እንጂ ስብሰባ አይደለም። አይመዘገብም።»

መቅረጫዬን አየሁት። ከቦዩ ጀምሮ አልዘጋሁትም ነበር፤ ቀይ መብራቱ ይበራል። ከጻፍኩት ጋሽ ይማም ይታሰራሉ። ካልጻፍኩት አንቀጹ እንዳለ ያልፍና የዚያ ወንዝ ዳር ገበሬ ሁሉ ጀሪካኑን ነጠላ እያለበሰ ይኖራል። ሽማግሌውን ለብቻ ጠርቼ «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አልኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፤ «እኔ ናፍጣውን መልሱልኝ አላልኋችሁም። ሦስተኛዋን ፊርማ አስፈርሙልኝ። ቅዳሜ ናፍጣ ካገኘሁ ይደርሳል። የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ቦዩ ውስጥ ቆመሻል።»

ሰብሳቢው ሰምተዋል። «ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው» አሉ፣ እጃቸውን በነጠላ እየጠረጉ። ነጠላው የእትዬ ዘሀራ ነበር። ወላሂ፣ የዚያን ሰዓት አምኛቸዋለሁ።

ዓርብ

በእውነትም ሄዱ፤ ይህን አልነፍጋቸውም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጸጥታ መሥሪያ ቤት በር ላይ ነበርን። ኃላፊው ጨዋ፣ ልብሱ የተተኮሰ ሰው ነው። የጋሽ ይማምን ደብዳቤ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ሁለቱን ፊርማዎች አየ።

«እንዲፈርሙለት ብዬ ነው» አሉ ሰብሳቢው። «ሽንኩርቱ እየደረቀ ነው።»

«ክቡርነትዎ፣ መመሪያው ገበሬው በእጁ የሚበቃ ነዳጅ እንደሌለው ምስክር ይጠይቃል። ለእርስዎ ስል እፈርማለሁ፤ እዚህ ላይ ይመስክሩልኝ። የሚበቃ ነዳጅ እንደሌለው በምን አወቁ?»

ሰብሳቢው አፋቸውን ከፈቱ። የነበረውን እኛ ወስደንበት ሊሉ እንደነበር አፋቸው ላይ ታየኝ። ከዚያ ዘጉት። ከኋላቸው ሰላማዊት «ክቡር ሰብሳቢ» አለች። «አላውቅም፣ ማለት… ይገመታል» አሉ ሰብሳቢው።

«በግምት አይፈረምም» አለ ኃላፊው፣ አዝኖ።

«እኔ እመሰክራለሁ» አለች ሰላማዊት። ኃላፊው መመሪያውን አገላበጠ። ከጎብኚ ቡድን የሚመሰክረው መሪው ብቻ ነው ይላል። ደብዳቤው በሁለት ፊርማው ተመለሰልን። ከቢሮው ስንወጣ ጋሽ ይማም ከአጥሩ ውጭ፣ ግራር ሥር ቆመው ነበር። ፊታችንን አይተው አልጠየቁም። «በሰላም ግቡ፣ አላህ መንገዱን ያቅናላችሁ» አሉን፤ ሰብሳቢውም «አሜን» አሉ። አፈርኩ። መኪናው ውስጥ ገብቼ እስከ ደብረ ሲና ድረስ ማንንም ቀና ብዬ አላየሁም።

ስንወጣ ኬላው ላይ ያ ልጅ የትንኝ መድኃኒቱን ከነመዝገቡ አስረከበን። ከጣርማ በር ወዲህ ብርዱ ሲመጣ ሰብሳቢው አንድ አንድ እያሉ ሁሉንም መልሰው ለበሱ። ደብረ ብርሃን ላይ ካፖርታቸው ላይ ደርሰው ነበር። እጃቸው ግን ገና ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ስለነበር መስኮት ከፍተን በብርድ አዲስ አበባ ገባን።

ከተመለስን በኋላ

ከሦስት ሳምንት በኋላ እትዬ አስካለ ደወሉልኝ። እትዬ ዘሀራ በእሳቸው በኩል አንዲት ፌስታል ሽንኩርት በአውቶቡስ ልከዋል። በቀረችው ሦስት ሊትር ከሃያ አንዱ መደብ ሦስቱን አጠጥተዋል፤ አሥራ ስምንቱ ደርቋል። ሽንኩርቶቹ ከነጭ ሽንኩርት ፍንካች ብዙም አይበልጡም። መልእክትም ነበራት፤ «ለሰብሳቢው ስጪልኝ፤ የነዳጁ ፍሬ ነው በያቸው» ይላል። በምሬት ነው እንዳልል እትዬ ዘሀራን አውቃቸዋለሁ፤ ደግሞ በምሬት አይደለም እንዳልል ሽንኩርቱን አይቼዋለሁ።

ኮሚቴው አንቀጽ አሥራ ሰባትን በሚያይበት ቀን ቀድሜ ገብቼ ፌስታሏን ሰብሳቢው ወንበር ፊት፣ ከውሃቸው አጠገብ አስቀመጥኩ። ገብተው አዩዋት። ከፈቷት። መልሰው ቋጠሯት። ከዚያ ስብሰባውን ከፈቱና አንድ ማሻሻያ አቀረቡ።

«ለአፈጻጸም ግልጽነት ሲባል ‹የተቀበለ› የሚለው ቃል ይውጣ» አሉ። «ተቀባይ በቅን ልቦናም ሊቀበል ይችላል።»

አባላቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልክ ነው፣ ይውጣ ተባለ። ከሁለት ደቂቃ በታች ነው የፈጀው፤ ሲጨመር ሦስት ፈጅቶ ነበር። እጅ ሊወጣ ሲል ሰላማዊት ተነሣች። እርሳሷ በእጇ አልነበረም። ጫማዋም በእግሯ አልነበረም፤ ጠረጴዛው ሥር አውልቃዋለች።

«‹የያዘ› የሚለውስ ክቡር ሰብሳቢ?» አለች። «እርስዎና እኔ ስንወጣ እሱ እንዳለ ይቀራል?»

ሌሎቹ አባላት ምን እንደምትል አልገባቸውም። ሰብሳቢው ገብቷቸዋል። ፌስታሏን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መቅረጫዬን አዩ። መልስ አልሰጡም። እኔም ጻፍኩ።

የአጻጻፍ መመሪያችን በቅንፍ እንድናስገባ የሚፈቅደው ሦስት ነገር ነው፤ ሳቅ፣ ጭብጨባ፣ ጉርምርምታ። እኔ በቅንፍ «ዝምታ» ብዬ አስገባሁ። አራሚዎች ሰረዙት፤ መልሼ አስገባሁት። እንደገና ሰረዙት፤ እንደገና አስገባሁት። አሁን እዚያው አለ፤ የፈለገ ሄዶ ማየት ይችላል። አንቀጹ ግን ለሌላ ስብሰባ ተላለፈ፤ ይኸን እስክጽፍ ድረስ አልተወሰነም።

ስለዚህ ጋሽ ይማም ብዬ የጻፍኩት ስማቸው ይማም ስለሆነ አይደለም። የባለቤታቸውንም ቀይሬዋለሁ፣ ወንዙንም አልጠራሁትም። ደምሰው የሚለው ግን ትክክለኛ ስም ነው።